በነሐሴ ውኃ የጠጡ ካክተሶች

ገበያው የተባለው ተጠርጣሪ ለፖሊስ ቃሉን እንዲህ ሲል ሰጠ፦ «ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከአክስቴ ከእቴቴ አምሳል ጋር ተጣላሁ። በንዴት ገፈተርኋቸው። ወደ ኋላ ሲወድቁ ጭንቅላታቸው የመደርደሪያውን ድንጋይ መታ፤ አንድ ካክተስም አብሮ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። ብጠራቸው አልመለሱልኝም። ሸሸሁ። የገደልኋቸው እኔ ነኝ።»

የሟቿ ጎረቤት አብዱልአሊም ደግሞ እንዲህ ብሎ ፈረመ፦ «ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ቲቸር አምሳልን በአጥሩ ላይ አሻግሬ አየኋቸው። ያንን ሰማያዊ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ካክተሶቻቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ‹ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?› ብላቸው እጃቸውን አነሡልኝ።»

ኢንስፔክተር እማዋይሽ ሰኞ ጧት ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ተራ በተራ ታያቸዋለች። የወረታ ፖሊስ ጣቢያ የቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ይደበደባል። ዓርብ የሞተች ሴት ቅዳሜ ውኃ አታጠጣም፤ ቅዳሜ ውኃ ያጠጣችም ዓርብ አልሞተችም።

«አንደኛው ራሱን ሊያስገድል ይምላል፤ ሁለተኛው ሰው ሊያስፈታ ይምላል» አለ ሳጅን ማረው እርጥብ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እያራገፈ። «እኔን ከጠየቅሽኝ የሁለተኛው መሐላ ይሻለናል። ሴትዮዋ ቅዳሜ ውኃ ሲያጠጡ አዳለጣቸው፣ ወደቁ፣ እንደምንም አልጋቸው ላይ ወጥተው ሞቱ። እኅታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰውዬው ይፈታና ወደ ልጆቹ ይሂድ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ሐኪሙማ ሁለቱንም አስታርቋቸዋል። ‹ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል፤ የሞቱትም ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ረፋድ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ በላይ አልምልም› አለ።»

እማዋይሽ የአብዱልአሊምን ወረቀት እንደገና አነሣች። ልታምነው ፈልጋለች። ይህ ወረቀት እውነት ከሆነ ማንም አልገደለም፤ ሦስት ልጆችም አባታቸውን አያጡም። ዳሩ ግን ወይዘሮ አምሳል እሷን ራሷን ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሯት ነበሩ። አንደኛ ስለወጣች በወተት ጣሳ የተተከለ ክብ ካክተስ ሸልመዋት ነበር። እሷም ጧት ማታ ውኃ እያጠጣች በሃያ ቀኑ አበሰበሰችው። ጣሳውን ታቅፋ እያለቀሰች ስትመጣ መምህርቷ ሳቁ። «የፎገራ ልጅ!» አሏት። «ሁሉም ነገር ሩዝ ይመስልሻል!»

ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች።

ገበያው ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። የእግሮቹ ጣቶች ከብዙ ቀን ውኃ የተነሣ ነጥተው ተሸብሽበዋል።

«ከአክስትህ ምን ጠይቀህ ነው የተጣላችሁ?» አለችው።

«ክፍሉን ነዋ። ቁሐር ሚካኤል ያለው ቤቴ ውኃ ከገባው ዘጠኝ ቀኑ ነው። ልጆቼ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ከሥራቸው ውኃ ነው። ትንሿ በእንቅልፏ ተንሸራታ ስትወርድ በጸጉሯ ነው የያዝኋት። እቴቴ ደግሞ ደረቅ ክፍል አላቸው፤ መቶ ሠላሳ እሾኽ ይተኛበታል። ‹እሾኹን አውጥተው ልጆቼን ያስገቡልኝ› አልኋቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹በዚህ ዝናብ ካወጣኋቸው ይበሰብሳሉ› አሉኝ። ይበሰብሳሉ! የእኔ ልጆችስ?»

«ሌላ ነገር አላሉህም?»

ገበያው ዐንገቱን ደፋ። «‹ቆይ እስቲ ላስብበት› ያሉኝ መሰለኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ጆሮም አልነበረኝ።»

«አብዱልአሊም ቅዳሜ ጧት አይቻቸዋለሁ ይላል።»

ሰውዬው ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቦግ ብሎ ወዲያው ጠፋ። «ተይ እኅቴ። እርግጡን ሳታውቂ ተስፋ አትስጪኝ።»

*

የወይዘሮ አምሳል ግቢ ከአብዱልአሊም ሱቅ ጀርባ ነው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከታላቅ እኅታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ቆመው ሲያወሩ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ከሌባ ጣታቸው ጋር ያፋትጋሉ፤ ይተዉታል፤ እንደገና ያፋትጋሉ። ከበስተኋላቸው በጣሪያው ክፈፍ ሥር አንድ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሊደርቅ አልቻለም።

«የካክተሶቹን ክፍል ያሳዩኝ» አለች እማዋይሽ።

«ያውልሽ። እኔ እንደሆነ አልገባም። አንዴ ወግቶኝ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ እግሬን አላስገባሁም።»

«ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«ሳማ ነው። ከአጥሩ ሥር ጎመን ስቀነጥስ።»

ክፍሉ ጣሪያው ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ የተሠራ፣ በአብዱልአሊም አጥር በኩል ሰፊ የሽቦ መስኮት ያለው ነው። በድንጋይ ላይ በተጋደሙ ሳንቃዎች፣ በጣሳ፣ በማሰሮና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተተክለው መቶ ሠላሳ ካክተሶች ቆመዋል። ወርቃማ እሾኻቸው የተጠላለፈ ክቦች አሉ፤ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ አሉ፤ ጥንቸል ጆሮ የመሰሉ፣ እሾኻቸው ከጸጉር የቀጠነ ሠፋፊዎችም አሉ። እነዚህን በቀላሉ የነካ ሰው ለሳምንት ጣቱን ሲያፋትግ ይኖራል።

ሁሉም ከሥራቸው ባለው ሳሕን ውኃ ሞልቶ ቆመዋል። ልክ እንደ ሩዝ ማሳ። እማዋይሽ አንዱን ክብ በእርሳሷ ጫፍ ከግርጌው ጫን አለችው፤ እንደበሰለ ቲማቲም ገባላት። የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ጣሳ እንደገና እጇ ላይ የመጣ መሰላት።

ከመደርደሪያው ጫፍ የመምህርቷ ደብተር ተቀምጧል። ከፍታ አነበበች። ጽሕፈቱ ያው የጥቁር ሰሌዳው ጽሕፈት ነው።

«አፈር፦ ሁለት እጅ የርብ ወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ ለም አፈር። መረሬ ጥቁር አፈር በፍጹም፤ ውኃ ይቋጥራል።

ውኃ፦ በበጋ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ምንም።

ሲዛወሩ፦ በጠመኔ የተሰመረው ጎን ምንጊዜም ወደ መስኮቱ። ፊታቸው ከዞረ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል።

ሲሰበሩ፦ ስብራቱን በንጹሕ ቢላዋ ማስተካከል፣ አመድ መነስነስ፣ ጋዜጣ ላይ አንድ ሳምንት ማድረቅ፣ ከዚያ መትከል።»

ደብተሩን ዘጋችና ወለሉን አየች። የክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። በደረቁ ወለል አቧራ ላይ ንጹሕ ክብ ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ማሰሮ ለዓመታት ሲቀመጥበት የኖረ ቦታ። ማሰሮዎቹ ግን እዚያ የሉም፤ በሌላው ግማሽ ካሉት ጋር ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፤ ጎናቸው ላይ ያለው የጠመኔ መስመርም በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ውኃው የፈሰሰው በዚያኛው በኩል ብቻ ነው። በባዶው ጥግ አንድ ሰሌን ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። መስኮቱ ሥር ደግሞ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ ለሁለት የተሰበረ ካክተስ ላዩ ላይ ተጋድሟል። ስብራቱ በቢላዋ ተስተካክሎ አመድ ተነስንሶበታል።

እማዋይሽ ጋዜጣው ፊት ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣች።

«ማረው፣ ቅዳሜ ሬሳውን ልናነሣ ስንመጣ ያ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር?»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገለጠ። «አዎ፤ ‹የታጠበ አንሶላ ከክፈፉ ሥር› ብዬ ጽፌያለሁ። ሟቿ የተኙት ሌላ አንሶላ ላይ ነው።»

«በነሐሴ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ሰው አንሶላ ለምን ያጥባል?»

«ወይ ቢቸግረው ነው፣ ወይ ቢያብድ ነው።»

*

አብዱልአሊም ሱቁ ውስጥ ባልዲ እያነባበረ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚቆጥር ሰው ነው።

«ፊታቸውን አይተሃል?» አለችው።

«ዝናብ ነበር ኢንስፔክተር። የካፖርቱን ቆብ አድርገዋል። ግን ወላሂ እሳቸው ናቸው።»

«ምን አሉህ?»

«እጃቸውን አነሡልኝ።»

«ብቻ? ሌላ ጊዜ ሰላም ስትላቸውስ?»

አብዱልአሊም ባልዲውን አስቀመጠ። «ሌላ ጊዜማ አጥሩ ድረስ መጥተው ያቆሙኛል። ‹ያ የርብ አሸዋ የት ደረሰ? ሐሙሲት ድረስ ሄደህ ነው የምትዝቀው?› ይሉኛል።»

«በነሐሴ ውኃ ሲያጠጡ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እንዲያውም በረመዳን ይቀልዱብኝ ነበር። ‹የእኔ ካክተሶች ጾም ካንተም ከእኔም ይረዝማል፤ ክረምቱን በሙሉ ጠብታ አይቀምሱም› ይሉ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት። የዚያን ሰው ልጆች ላድን ብዬ አልዋሸሁም» አለ።

«አልዋሸህም። ያየኸው ካፖርት ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሆናል?»

«በዘጠኝ ሰዓት ወደ ካክተሶቹ ክፍል ና» ብላው ወጣች።

*

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ካክተሶቹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ማረው ገበያውን እጁን በካቴና አሥሮ አመጣው። አብዱልአሊም በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ አልገባም ብለው ሲያንገራግሩ ቆይተው ገቡ። የገበያው ሚስት እየሩስም ግማሹን መንገድ በታንኳ፣ ግማሹን በእግሯ መጥታ ነበር። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ትንሿን አዝላ፣ ሁለቱን በእጅ በእጇ ይዛለች። ልጆቹ አባታቸውን ሲያዩ ሊሮጡ ብለው ካቴናውን አይተው ቆሙ።

«ሁለት ቃል አለኝ፤ ሁለቱም ሰዎች እውነት ተናግረዋል» አለች እማዋይሽ። «ሁለቱም ግን ያዩትን ሙሉ በሙሉ አላወቁትም።

«ከቅዳሜው ልጀምር። አብዱልአሊም አንዲት ሴት ካክተስ ስታጠጣ አይቷል። ደብተራቸውን አንብቡት፤ ወይዘሮ አምሳል ከሰኔ እስከ መስቀል ጠብታ አይሰጡም። ያቺ ሴት ግን ሳሕኑ እስኪሞላ አጠጣች። እንዲህ የሚያጠጣ ሰው ከሩዝ በቀር ሌላ ነገር ያላሳደገ ነው። ጥንቸል ጆሮ የመሰለውንም ካክተስ ሳታውቅ ነካችው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ጸሐይነሽ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። «ሳማ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ሳማ በጥቂት ሰዓት ይለቃል። ይኸ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ዝናቡ ላስቲኩን ይመታል።

«ቀድሞውንስ ተናግሬ የለም?» አለ ገበያው። «ዓርብ ገድያቸዋለሁ። እቴቴ ጸሐይነሽ እኔን ሊያድኑ ነው የእኅታቸውን ካፖርት የለበሱት። ይብቃ። ውሰጂኝ።»

«አልጨረስሁም» አለች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ጋዜጣውን አመለከተችው። «አንተ ስትሸሽ ይህ ካክተስ እንዴት ነበር?»

«ተሰባብሮ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።»

«እየው። በቢላዋ ተስተካክሏል፣ አመድ ተነስንሶበታል፣ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። ይህንን ካንተ በኋላ ማን አደረገው? ቅዳሜ የመጣችው ሴት እንዳትባል፣ እሷ ካክተስ በክረምት ውኃ እንደማይጠጣ እንኳ አታውቅም።»

ገበያው ወደ ጋዜጣው ተጠጋ።

«ተነሥተው ነበር» አለች እማዋይሽ። «ራሳቸውን ስተው ቆይተው ነቁ። ሐኪሙን ዛሬ ደግሜ ጠይቄዋለሁ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈስሰው ሰው ለጥቂት ሰዓት ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል ብሎኛል። በዚያ ሰዓት ውስጥ የተሰበረውን አከሙ። ከዚያም ሌላ ሥራ ሠሩ። ይህን ባዶ ቦታ ተመልከቱት። እዚህ የነበሩት ማሰሮዎች ወደዚያ ተዛውረዋል። የጠመኔውን መስመር አንድም ሳይቀር ወደ ብርሃን ያዞረው ማን ነው? ውኃውስ ለምን በዚህ በኩል አልፈሰሰም? ማሰሮዎቹ ከቅዳሜ በፊት ስለተነሡ ነው። ሰሌኑንም ያመጡት እሳቸው ናቸው።»

«ሰሌን ለምን?» አለች እየሩስ። መጀመሪያ የተናገረችው ይህንን ነው።

እማዋይሽ ወደ ሦስቱ ልጆች ዞረች። «ለልጆቹ። ለገበያው ‹ላስብበት› ብለውት ነበር። አሰቡበት።»

ገበያው በካቴና እንደታሰረ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ ማለት አይቻልም፤ አንድ ክብ ምልክት ላይ መዳፉን አሳርፎ ብቻ ቀረ።

«የመጨረሻው አንሶላው ነው» አለች እማዋይሽ፤ ለመጨረስ ስትል ብቻ። «እኛ ቅዳሜ ከመምጣታችን በፊት ታጥቦ ተሰጥቷል። ጭንቅላቱ ውስጥ የደማ ሰው ያስታውካል፤ ሌሊቱን ያስታወከ ሰው ነበረ፤ ያንን አንሶላ የለወጠ ሰውም አጠገባቸው ነበረ።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን ለቀቁት። «ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት ‹ራሴን› አለችኝ» አሉ። ማንንም አይመለከቱም። «‹ወድቄ ነው› አለች እንጂ ማን እንደጣላት አልነገረችኝም። እኔ ግን ገበያው በአጥሩ ሥር ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ አስታወከች። ‹ተነሺ ሐኪም ቤት እንሂድ› ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ‹ማን መታሽ› ማለቱ አይቀርም። ወንድሜ የተወልኝ አንድ ልጅ ነው፤ እሱ ከታሰረ ሚስቱና ልጆቹ በዚያ ውኃ ምን ይሆናሉ? ‹እስኪነጋ ቻይው› አልኋት። እሷም ‹እሺ› አለችኝ።» ጣታቸውን አፋተጉ። «ሊነጋጋ ሲል እጇ ቀዘቀዘ። አንዷን አጣኋት፤ ሌላውን እንኳ ላትርፍ ብዬ ካፖርቷን ለበስሁ። ውኃ ማጠጣቱን ደግሞ… ቢያንስ እንደ ልጆቿ የምታያቸውን አስጠምቼ አላሳድርም ያልሁ መሰለኝ።»

«ሐኪም ቤት ቢደርሱ ይተርፉ ነበር?» አለ ገበያው ከወለሉ።

«‹ምናልባት› ነው ያለኝ ሐኪሙ።»

ምነው ባላልሁት ብላ ተመኘች። ማረው ቆቡን አውልቆ ያዘ። እንዲፈታ ሲለምንለት የነበረው ሰው አሁን የባሰ ታስሯል፤ ካቴናው ሲወልቅም የሚፈታ አይደለም። ሴትዮዋም ከእሱ ጋር ይሄዳሉ። ማን በምን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። እማዋይሽ የምታደርገው ነገር ቢኖር መጻፍ ብቻ ነበር።

«ኢንስፔክተር» አሉ ጸሐይነሽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እኔ ዝግጁ ነኝ። እየሩስ፣ ልጄ፣ ቁልፉ ይኸውልሽ። እነዚህን እሾኾች አውጥተሽ ጣያቸውና ልጆችሽን አስገቢ። አሁንማ ማን ይከለክልሻል።»

እየሩስ ቁልፉን አልተቀበለችም። ወደ ካክተሶቹ ሄደች። ከአንዱ ማሰሮ ሥር ሳሕኑን አወጣች፤ ውኃውን በበሩ ደፋችው። ሁለተኛውን አወጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ትልቁ ልጅ ሊያግዛት እጁን ሰደደ፤ «እሾኹን አትንካ፣ ሳሕኑን ብቻ» አለችው። ከግርጌው የላላውን ክብ ስታየው ትንሽ አመነታች፤ ሳታወጣው ተወችው።

ገበያው ከወለሉ ቀና ብሎ ያያታል። «እየሩስ፣ ወደ ቤት ይዘሻቸው ሂጂ። በዚህ ክፍል እንዴት ትተኛላችሁ?»

እየሩስ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ለባሏ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«እቴቴ አምሳል በጠረጉልን ግማሽ እንገባለን። ሰሌኑ አለ። ይኸኛው ግማሽ የእነሱ ነው፤ አንዱንም አላወጣም፤ እስከ መስቀልም ጠብታ አላጠጣቸውም።»